ብረት ከተገጠመ በኋላ ወገቤ ለምን ያመኛል?



ከአምባራስ ተነስተው በደባርቅ አድርገው ጎንደር የመጡ አንድ አባት፣ ገና ሳይቀመጡ «ዶክተር፣ ብረቱ ላልቷል መሰለኝ» አሉኝ። በፊት ለቱሪስት በቅሎ ይነዱ ነበር። ወገባቸው ላይ ብሎንና ዘንግ ከተገጠመ ዓመት ከስምንት ወር ሆኗል። እግራቸውን ይወጋው የነበረው ሕመም ለቋቸዋል፣ ወገባቸው ግን አሁንም ያማቸዋል። ብረቱ እንዳይሰበር ፈርተው አብዛኛውን ቀን ተኝተው ይውላሉ።

በሲቲ ስካን አየነው። ብረቱ ቦታው ላይ ነው፣ አጥንቱም ተያይዟል።

«ታዲያ ምኑ ነው የሚያመኝ?»

ስፓይናል ፊውዥን አከርካሪዎች ተያይዘው እንደ አንድ አጥንት እንዲሆኑ የሚያደርግ ቀዶ ሕክምና ነው። ብረቱ ደጋፊ ነው፤ ዋናውን ሥራ የሚሠራው በመካከል የሚያድገው አጥንት ነው፣ እሱም ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። የጎበጠን ለማቅናት ትልቅ ነገር ነው፤ በዶ/ር ሪክ ሆደስ በኩል ጋና ተልከው፣ ዶ/ር ኦሄኔባ ቦአቼ-አጄ በመሠረቱት ሆስፒታል ጀርባቸው የተቃናላቸውን ልጆች ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ለወገብ ሕመም ብቻ ሲሠራ ግን ውጤቱ ያን ያህል አስተማማኝ አይደለም። ይህን ቀድመን በግልጽ ካልተናገርን ጥፋቱ የእኛ የሐኪሞች ነው።

ሕመሙ የሚቀርበት ምክንያት ብዙ ነው። አጥንቱ ሳይያያዝ ሊቀር ይችላል፤ ሲጋራ ይህን ያባብሳል። የታሰረው ክፍል ስለማይታጠፍ ከላይና ከታች ያሉት መገጣጠሚያዎች ጫና ይበዛባቸዋል። ለረጅም ጊዜ የተጫነ ነርቭ ደግሞ ጫናው ቢነሳለትም ማቃጠሉን ላይተው ይችላል። በመተኛት ጡንቻም ይሟሽሻል፤ የእኚህ አባት ዋና ችግር ይሄ ነበር።

በቀን ሦስት ጊዜ አሥር አሥር ደቂቃ ሜዳ ሜዳውን እንዲራመዱ፣ በየሳምንቱም ትንሽ ትንሽ እንዲጨምሩ ነገርኳቸው። ደህና በዋሉበት ቀን የሳምንቱን ሥራ ልጨርስ አይበሉ፣ በታመሙበትም ቀን ቀኑን ሙሉ አይተኙ። 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ እሱ ለልጆቹ ይተው። ወጌሻ ጋ ሄዶ ብረት ያለበትን ወገብ ማሳሸትና ማስጎተት ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም።

ከሦስት ወር በኋላ ተመለሱ። «ያመኛል፣ ግን ቤተ ክርስቲያን ደርሼ እመጣለሁ» አሉኝ።

አንድ ነገር ለእናንተ ከተማ ላላችሁ ልጆች፦ ለወላጆቻችሁ ዳይክሎፌናክና ትራማዶል ገዝታችሁ አትላኩ። የመጀመሪያው ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል፣ ሁለተኛው ሱስ ያስይዛል። ለነርቭ ሕመም ሌላ መድኃኒት አለ፤ ሐኪም አይቶ ይዘዝላቸው።

ስልክ ስትደውሉም «እንዴት ዋልክ?» ብቻ አትበሉ። ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር አቅቶት፣ በመቀመጫው መሐል ደንዝዞ ወይም እግሩ በድንገት ዝሎ እንደሆነ ጠይቁ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ ክብደት መቀነስ፣ ከቁስሉ የሚወጣ ፈሳሽም እንዲሁ፤ በተለይ ቀዶ ሕክምናው ለአከርካሪ ቲቢ ከነበረ። ከእነዚህ አንዱ ካለ የገበያ ቀን እስኪደርስ፣ መኪና እስኪረክስ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን ደባርቅ ሆስፒታል ይውረዱ።