የገና ጾም የካህናት ብቻ ነውን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ኅዳር አጋማሽ ላይ ሲደርስ በአገራችን በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ሁለት ነገሮች በአንድ ሰሞን ይገናኛሉ። አንዱ አጨዳና ውቂያው ነው፤ ሌላው የነቢያት ጾም ነው። ገብሱና ስንዴው ይታጨዳል፣ ይከመራል፣ አውድማው ይለቀለቃል፣ በሬው ይዞራል። ክረምቱን የጠጣው መስክ ገና ስላልደረቀ ላሞቹም ይታለባሉ። ለደቦ የመጣውን ሰው አብልቶ አጠጥቶ መሸኘትም አለ። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው «የገና ጾም የቄስ ጾም ነው፤ እኛ ሑዳዴን፣ ፍልሰታን፣ ረቡዕና ዓርብን ከጾምን ይበቃናል» ሲል ይሰማል።

ይህን የሚለው ሰው ሃይማኖት የሌለው ሆኖ አይደለም። አባቱ ሲል ሰምቶ፣ አባቱም ከአያቱ ሰምቶ የመጣ ልማድ ነው። ልማድ ግን ሁልጊዜ ሥርዓት አይደለም። ስለዚህ ዛሬ አንድ ጥያቄ ይዘን እንማማር፦ ይህ ጾም የማን ነው?

1. ሥርዓቱ ምን ይላል?

በፍትሐ ነገሥት አንቀጽ 15 ክርስቲያኖች የሚጾሟቸው አጽዋማት ተዘርዝረዋል። ከእነርሱም አንዱ ከኅዳር እኩሌታ ጀምሮ እስከ ጌታችን ልደት የሚጾመው ይህ ጾም ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ሰባቱ የአዋጅ አጽዋማት የምትላቸው ዐቢይ ጾም፣ ጾመ ሐዋርያት፣ ጾመ ፍልሰታ፣ ጾመ ነቢያት፣ ጾመ ነነዌ፣ ገሃድ እንዲሁም ረቡዕና ዓርብ ናቸው። «የአዋጅ» መባላቸውን ልብ እንበል። አዋጅ የሚነገረው ለአገሩ ሁሉ ነው። በገበያ መካከል ታውጆ «ይህ ለቄሱ ነው እንጂ ለእኔ አይደለም» የሚባል አዋጅ አለ እንዴ? የፈቃድ ጾም የሚባለው ሌላ ነው፤ ለምሳሌ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ጾመ ጽጌ የፈቃድ ነው። እርሱን የጾመ በረከት ያገኝበታል፣ ያልጾመ አይፈረድበትም። ምናልባት ሁለቱ አጽዋማት ተከታትለው ስለሚመጡ በብዙ ሰው ዘንድ ተቀላቅለው ይሆናል።

ጾሙ ብዙ ስም አለው። ነቢያት የጌታን መምጣት በተስፋ እየጠበቁ ስለጾሙ ጾመ ነቢያት ይባላል። ለአዳም የተሰጠው ተስፋ ስለተፈጸመበት ጾመ አዳም፣ ስለ ጌታ መምጣት የተሰበከው የሚታሰብበት ስለሆነ ጾመ ስብከት፣ በልደት በዓል የሚፈታ በመሆኑ ጾመ ልደት ይባላል። የሐዋርያው የፊልጶስ ደቀ መዛሙርት የመምህራቸውን ሥጋ ለማግኘት ስለጾሙም ጾመ ፊልጶስ የሚል ስም አለው።

ከኅዳር 15 እስከ ታኅሣሥ 28 ስንቆጥር 44 ቀን ይሆናል። አርባው ቀን የነቢያት ነው፤ ሙሴ በሲና ተራራ አርባ ቀንና አርባ ሌሊት መጾሙን እናስብ (ዘጸ. 34፥28)። ሦስቱ ቀን የአብርሃም ሶርያዊ ጾም ነው። የመጨረሻው አንድ ቀን ገሃድ ነው። በዘመነ ዮሐንስ የልደት በዓል ታኅሣሥ 28 ስለሚውል ገሃዱ ታኅሣሥ 27 ይሆናል።

2. ተራራውን ያስነሣው ጫማ ሰፊ

ከላይ የጠቀስናቸው ሦስት ቀኖች ለጥያቄያችን ትልቅ መልስ አላቸው። በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ 62ኛው የእስክንድርያ ፓትርያርክ አባ አብርሃም ሶርያዊ ነበሩ። በዚያ ዘመን የነገሠው ሙዒዝ የተባለው ገዥ የክርስቲያኖችን ወንጌል የሚነቅፉ ሰዎችን ቃል ሰማ። «የሰናፍጭ ቅንጣት የምታህል እምነት ያለው ተራራ ያነሣል የሚል በመጽሐፋችሁ ካለ አሳዩኝ፤ ካልሆነ ትጠፋላችሁ» የሚል ትእዛዝ ወጣ። ፓትርያርኩ የሦስት ቀን ቀጠሮ ጠይቀው በግብፅ ያሉ ክርስቲያኖች ሁሉ እንዲጾሙ አዘዙ። ካህኑም፣ ገበሬውም፣ ነጋዴውም ጾመ።

በሦስተኛው ቀን እመቤታችን ለፓትርያርኩ ተገልጣ ወደ ገበያው በር እንዲወጡና እንስራ ውኃ የተሸከመ አንድ ዓይና ሰው እንዲፈልጉ ነገረቻቸው። ተአምሩ በእርሱ እጅ የሚደረግ ነበርና። ያ ሰው ማን ነበር? ጳጳስ አልነበረም፣ ቄስም አልነበረም፣ መነኩሴም አልነበረም። ስምዖን የሚባል ቆዳ የሚያለፋ፣ ጫማ የሚሰፋ ምእመን ነበር። በየማለዳው ወደ ሥራው ከመግባቱ በፊት መውጣት ለማይችሉ ሽማግሌዎችና ድውያን ውኃ ይቀዳላቸው ነበር። ሕዝቡ ከፓትርያርኩ ጋር ወጥቶ «አቤቱ ማረን» እያለ ሲሰግድ፣ ስምዖንም ከሕዝቡ መካከል ሆኖ ሲጸልይ፣ የሙቀጠም ተራራ ከመሬት ተነሣ።

ወገኖቼ፣ እንግዲህ እናስተውል። በአገራችን ቆዳ የሚያለፋውን ሰው ምን ብለን እንደምንጠራው እናውቃለን። አብሮ መብላት የሚቀፈን፣ ልጁን ለልጃችን የማንሰጠው እርሱን አይደለምን? እግዚአብሔር ግን ተራራ ለማንሣት ከአገር ሁሉ የመረጠው ያንን ሰው ነው። ከ44ቱ ቀን ሦስቱ የዚህ ሰውና አብረውት የጾሙት ምእመናን መታሰቢያ ከሆኑ፣ «የገና ጾም የቄስ ነው» የሚለው ቃል ከየት መጣ?

በዚሁ ጾም ውስጥ ታኅሣሥ 19 የምናከብረውን የቅዱስ ገብርኤልን በዓልም እንመልከት። ከእሳት የዳኑት አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል በሰው አገር ያደጉ ወጣቶች ነበሩ። የንጉሡን ማዕድ ትተው ጥራጥሬ በልተው፣ ውኃ ጠጥተው የቆዩት ገና በትምህርት ላይ ሳሉ ነው (ዳን. 1)። በደብረ ታቦር፣ በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ ተከራይታችሁ የምትማሩና የምትሠሩ ልጆቻችን፣ «ከተማ ላይ ጾም አይመችም» ስትሉ እነዚህን ወጣቶች አስቡ።

3. ሦስቱ እሑዶች

ከልደት በፊት ያሉት ሦስት እሑዶች የየራሳቸው ስምና ትምህርት አላቸው። ከታኅሣሥ 7 እስከ 13 ያለው እሑድ ስብከት ይባላል። ነቢያት የሰበኩለት መሲሕ መገኘቱን ፊልጶስ ለናትናኤል ሲነግረው የምናነበው በዚህ ዕለት ነው (ዮሐ. 1)። ከ14 እስከ 20 ያለው ብርሃን ይባላል። የሰው ልጅ በጨለማ ተቀምጦ ብርሃን እንዲላክለት መለመኑን፣ እውነተኛውም ብርሃን ወደ ዓለም መምጣቱን እንማርበታለን (መዝ. 42፥3)። ከ21 እስከ 27 ያለው ኖላዊ ይባላል፤ ኖላዊ ማለት እረኛ ነው። የጠፋነውን በጎች የሚፈልግ ቸር እረኛ እንዲገለጥልን የምንለምንበት ነው (መዝ. 79፥1፤ ዮሐ. 10)።

ቅደም ተከተሉን ተመልከቱ። መጀመሪያ ወሬው ተሰማ፣ ከዚያ ብርሃኑ ታየ፣ በመጨረሻም እረኛው ራሱ መጣ። ልደትን የሰሙት የመጀመሪያዎቹ ሰዎችም ሌሊት መንጋቸውን የሚጠብቁ እረኞች ነበሩ (ሉቃ. 2)። በጉና ግርጌ በታኅሣሥ ውርጭ ከብት ያደረ ሰው ያ ሌሊት ምን እንደሚመስል ከመጽሐፍ ሳይማር ያውቀዋል። ልጆቻችን በገና ቀን ሜዳ ወጥተው ሩሩን በገና ዱላ ሲመቱ የእነዚያን እረኞች ደስታ ያስታውሳሉ። ታዲያ ሦስቱን እሑድ ሳንሰማ ለገና ቀን ብቻ ብንመጣ፣ መንገዱን ሳይሄድ ደረስሁ እንደሚል ሰው መሆናችን አይደለምን?

4. በየደብራችን ያለችው ቤተ ልሔም

ጌታ የተወለደባት ከተማ ስም ቤተ ልሔም ትርጓሜው የእንጀራ ቤት ማለት ነው። ይህን ስም እኛ በሁለት መንገድ እናውቀዋለን።

አንደኛ፣ በጋይንት ያለችው ቤተ ልሔም ናት። ከውጭ ክብ ሆና ብትታይም በውስጧ ጥንታዊ ባለ አራት ማዕዘን ሕንፃ ይዛለች። ይህች ቦታ የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ድጓን የተማረ ሰው ከየትኛውም አገር ቢመጣ በዚያ አስመስክሮ መምህር ይባላል። የዝማሬና የመዋሥዕት ማስመስከሪያዋ ዙር አምባም በዚሁ በጋይንት ናት። በአዲስ አበባም ሆነ በባሕር ማዶ ባሉ አብያተ ክርስቲያናት በልደት ሌሊት የሚዘመረው የቅዱስ ያሬድ ዜማ ሲሰማ፣ ከእኛ አገር የወጣ ትምህርት እንዳለበት እናስብ።

ነገር ግን ይህ ትምህርት የሚቆመው በምንድን ነው? ደበሎ ለብሶ፣ አኮፋዳ አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ በደጃችን በሚቆመው ልጅ ነው። ውሻ እየከለከለው ቁራሽ ለምኖ፣ ሌሊት በብርድ ቀለሙን የሚቀጽለው እርሱ ነው። ተማሪው ሲያልቅ ነገ በደብራችን የሚቀድሰው ማን ይሆናል? ቅዳሴ ቢያንስ አምስት ልዑካን ይፈልጋል፤ ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት። በአውድማ ሰሞን ከክምሩ ሥር አንድ ቁና እህል ለአብነት ተማሪና ለመምህሩ መለየት ከባድ አይደለም። ለጎተራችን ምንም አያጎድልም፤ ለእነርሱ ግን ክረምቱን ያሻግራል።

ሁለተኛ፣ በየደብራችን ከቤተ ክርስቲያኑ በስተ ምሥራቅ ያለችው ትንሿ ቤት ቤተ ልሔም ትባላለች። ለቁርባን የሚሆነው ኅብስት የሚሰናዳው በእርሷ ነው። ስንዴው ከየት ይመጣል? ከገበሬው አውድማ ነው። እናንተ ያረሳችሁት፣ ያረማችሁት፣ የወቃችሁት ስንዴ መገበሪያ ሆኖ ይገባና በጸሎተ ቅዳሴ የክርስቶስ ሥጋ ይሆናል። እንግዲህ ስንዴው የገበሬው ከሆነ ጾሙ እንዴት የቄሱ ብቻ ይሆናል? መገበሪያ የምትሰጡ ሁሉ ያልነቀዘውን፣ ንጹሑን ስንዴ ለዩ። ዕጣንና ጧፍ የቻለ ይጨምር። ከሁሉ በላይ ግን ስንዴውን ልከን ራሳችን አንቅር። በአውድማ ሰሞን የሥራ ቀን ቅዳሴ ለጥቂት አረጋውያን እናቶች ብቻ እንደሚቀደስ የምናውቅ እናውቃለን። በሳምንት አንድ ቀን ከየቤቱ አንድ ሰው ቢመጣ እንኳ ቤተ ክርስቲያኑ ይሞላል።

5. እንዴት እንጹም?

ሀ. ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል እንከልከል። የሚችል እስከ 9 ሰዓት ይቆይ። ቅዳሜና እሑድ ግን በሰዓት አይጾምም፤ ከፍስክ ምግብ መከልከሉ እንዳለ ነው። አውድማ ላይ የሚውል ጉልበተኛ ሰዓቱ ቢከብደው ከንስሐ አባቱ ጋር ይመካከር እንጂ «ሰዓት ካልቻልሁ» ብሎ ጾሙን ጨርሶ አይተው።

ለ. የታመመ፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት በንስሐ አባት ምክር እንደ አቅማቸው ይሁኑ። ቤተ ክርስቲያን እናት ናት፤ በድካም ላይ ሸክም አትጭንም።

ሐ. የደቦው ማዕድ የጾም ይሁን። ሽሮው፣ የባቄላው ክክ፣ ተልባው፣ ጎመኑ፣ የጉናው ድንች ምን ጎደለው? ባለቤቱ «በቤቴ በጾም ቅቤ አይቀርብም» ብሎ ቢቆርጥ እናቶቻችንም የጾምና የፍስክ እያሉ ሁለት ወጥ ከመሥራት ያርፋሉ።

መ. በጾሙ ያልጠጣነው ወተት ሁሉ ተንጦ ለገና ድግስ ብቻ አይከማች። ላም ለሌላት ጎረቤት ሕፃን ይድረሰው። ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 እግዚአብሔር የሚወደው ጾም ለተራበ እንጀራን መቁረስ እንደሆነ አስተምሯል። በስማዳና በታች ጋይንት ቆላ ዝናብ ባጠረበት ዓመት ክምር የሌለው አውድማ አለ። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ድረስ ከመጣ ወዲህም፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ግጭትም ሰው የጎደለበት ቤት አለ። የማን ቤት እንደሆነ ጎረቤት ያውቃል፤ ለማኝ እስኪሆኑ አንጠብቅ።

ሠ. እንታረቅ። በአገራችን ደም የሚፈላለጉ፣ በድንበር የተቋሰሉ፣ በርስት የተካሰሱ ወንድማማቾች አሉ። ቅቤ ትቶ ቂም የያዘ ሰው ምን ጾመ? ጌታ መባህን ከመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ከወንድምህ ታረቅ ብሎ አስተምሯል (ማቴ. 5)። ሽማግሌዎችና የንስሐ አባቶች፣ ከስብከት እስከ ኖላዊ ያለውን ጊዜ ለዕርቅ ብታደርጉት የልደት ሌሊት ሁለቱ ባላንጣዎች አንድ ጧፍ ሊለኩሱ ይችላሉ።

ረ. ገሃዱን አንርሳ። በዋዜማው እስከ ማታ ጾመን ወደ ማኅሌቱ እንሂድ። ልደት ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውል የምንበላው ገሃዱን ስለጾምን ነው። ገሃዱን ሽረን በዓሉንም ከበላንበት ሁለት ዕዳ ይሆንብናል።

ከወረታ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አድርጎ ወደ ጋሸና የሚወጣው መንገድ ለልደት ወደ ላሊበላ የሚሄዱ ተሳላሚዎች ያልፉበታል። እግር ያበጠበት፣ ስንቅ ያለቀበት ቢመጣ አሳድሩት። በዚያች ሌሊት ለድንግል ማርያምና ለዮሴፍ በእንግዶች ማደሪያ ቦታ አልተገኘም ነበር። ዛሬ ቦታ የሚሰጥ ቤት ከተገኘ በደግ ይታሰባል። መንገዱ ሰላም ሆኖ መሄድ ያልቻለም አይዘን፤ በየደብሩ በሚቀደሰው ቅዳሴ የሚሰጠው ያው አንዱ ክርስቶስ ነው።

እንግዲህ ጾሙ የማን ነው? የነቢያቱም፣ የፓትርያርኩም፣ የጫማ ሰፊውም፣ የእናንተም ነው። ዘንድሮ ያልጀመረ ካለ ከዛሬ ይጀምር። የቀሩት ቀኖች አንድ ሳምንት ብቻ ቢሆኑም እግዚአብሔር ከአሥራ አንደኛው ሰዓት የመጣውን ሠራተኛ አይመልስም።

ጾሙን የኃጢአት ሥርየት፣ የዕርቅና የሰላም ያድርግልን። በሰላም ለብርሃነ ልደቱ ያድርሰን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር።