ጣቱ ተቆርጦ ጊታር?

ሮክ የምትወዱ ቶኒ አዮሚን ታውቁታላችሁ፤ የብላክ ሳባዝ ጊታሪስት። እ.ኤ.አ. በ1965 በርሚንግሃም ውስጥ ፋብሪካ ሲሠራ ማሽን የቀኝ እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠበት። ገና 17 ዓመቱ ነበር። ግራኝ ስለሆነ ክር የሚጫነው ደግሞ በእነዚያው ጣቶች ነው። ሐኪሞች ከእንግዲህ አትጫወትም አሉት (እኛ ሰዎች አንዳንዴ እንቸኩላለን)። እሱ ግን ፕላስቲክ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራ፣ ቆዳ አለበሰው፣ ጊታሩ ላይ ቀጫጭን ክሮች አሰረ።

ቆቡ ለምን አስፈለገ? ጫፉ ሲቆረጥ ነርቭም አብሮ ስለሚቆረጥ፣ ቁስሉ ከዳነ በኋላም ሲነካ እንደ ኤሌክትሪክ ሊነዝር ይችላል። ያማል ብሎ ጠቅልሎ ማስቀመጥ ግን መገጣጠሚያውን ያደርቀዋል። ቁስሉ ሙሉ በሙሉ ሲድን፣ ሐኪም ወይም ፊዚዮቴራፒስት ሲፈቅድ፣ መጀመሪያ በጥጥ፣ ከዚያ በጨርቅ፣ ቆይቶ በሻካራ ፎጣ በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ እያሻሹ ማለማመድ ነው። ትዕግሥት ይጠይቃል።

አደጋው በደረሰበት ሰዓትስ? ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርጋችሁ ያዙ፣ እጁን ከፍ አድርጉት። ቡና መነስነስ ይቅር! የተቆረጠውን ጣት በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ፌስታል ውስጥ አስሩ፤ ፌስታሉን በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ አድርጋችሁ ቶሎ ሆስፒታል። በረዶው ጣቱን በቀጥታ ከነካው ሥጋውን ይጎዳዋል።