ፈረንጅ ስለ ድልድይ ሲያወራ

ልጄ፣ እንግሊዝኛሽ ጥሩ ነው። የሚያስቸግርሽ ጥድፊያሽ ነው፤ አንድ አባባል ማታ ከሰማሽ ጠዋት ቢሮ ይዘሽው ትገቢያለሽ። በአስተርጓሚነት ስኖር ብዙ ያየሁት፣ ሰው ቃሉን አውቆ ቦታውን ሲስት ነው። ድልድይ ያለባቸውን ጥቂት አባባሎች ልንገርሽ፤ ቀስ ብለሽ አንብቢ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1. በዳይ ሆነሽ «ወተር አንደር ዘ ብሪጅ» አትበዪ። ውሃው በድልድዩ ሥር አልፎ ሄዷል፣ ቂም የለም ማለት ነው። አንቺ «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ከሚለው ጋር አንድ ታደርጊዋለሽ። አንድ አይደሉም። የእኛው ውስጥ ቁጭት አለ፤ የእነሱው ወደ ይቅርታ ያደላል፤ ይቅርታ ደግሞ የተበዳይ ነው። ባልደረባሽን አስቀይመሽ አንቺው ቀድመሽ ይህን ካልሽ፣ ራስሽን በራስሽ ማርሽ ማለት ነው። በሽምግልና ተቀምጬ የታዘብኩትም ይህንኑ ነው፤ ካሳው ሳይነሳ «ይለፍ በቃ» የሚለው ብዙ ጊዜ በዳዩ ነው። ቃሉን ባልደረባሽ ይበለው፤ አንቺ ይቅርታ ጠይቂ።

2. «ድልድዩ ጋ ስንደርስ እንሻገረዋለን» ሲሉሽ የተናጋሪውን ፊት እዪ። ያልመጣ ችግር ዛሬ አያስጨንቀን ማለት ነው። ምክሩ የቆየ ነው፤ አሜሪካዊው ገጣሚ ሎንግፌሎው በ1851 ባሳተመው ሥራ ውስጥ እንኳ አሮጌ ተረት ብሎ ነው የጠራው። ለምትጨነቅ እናት ደግ ቃል ነው። አለቃሽን «ውሌ ባይታደስስ?» ብለሽ ስትጠይቂው ይህን ከመለሰልሽ ግን፣ በትህትና በሩን ዘግቶብሻል። አትቆጪ። «መቼ እንደርሳለን?» በዪና ቀን አስቆርጪው።

3. ሥራ ስትለቂ ድልድይ አታቃጥዪ። አባባሉ የጦር ሜዳ ነው፤ ከኋላው ያለውን ድልድይ ያቃጠለ ጦር ወይ ያሸንፋል ወይ ያልቃል፣ መመለሻ የለውም። በስንብት ኢሜይል ሆድሽን ስትዘረግፊ ለአንድ ቀን ይቀልልሽ ይሆናል፤ አዲሱ ቀጣሪ ግን ስለ አንቺ የሚጠይቀው የድሮውን አለቃሽን ነው። ይህን ስልሽ ግን የሚያዋርድሽን ሰው ድልድይ ላለማቃጠል ብለሽ ታገሺው ማለቴ አይደለም። እንዲህ ያለው ድልድይ ቢቃጠልም አይቆጭ።

4. «ኤ ብሪጅ ቱ ፋር» ለማለት አትቸኩዪ። አንቺ ለማይቻል ነገር ሁሉ ትዪዋለሽ፤ ለምሳ ዋጋ ሳይቀር። ቁም ነገሩ ሌላ ነው፤ ደህና ይሄድ የነበረ ዕቅድ በመጨረሻዋ እርምጃ ከአቅሙ ሲያልፍ ነው የሚባለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በመስከረም 1944፣ የብሪታንያው የጦር አዛዥ የሞንትጎመሪ ዕቅድ የኔዘርላንድን ድልድዮች በፓራሹት ጦር ተራ በተራ ይዞ ጀርመን መግባት ነበር። የመጨረሻው ድልድይ አርንሄም ላይ ነበር። የብሪታንያ ወታደሮች የድልድዩን ሰሜናዊ ጫፍ ይዘው ለቀናት ተዋጉ፤ የምድር ጦሩ ሳይደርስላቸው ቀረ። ከዘመቱት 10,000 ገደማ ሰዎች ወንዙን ተሻግረው የተመለሱት 2,400 እንኳ አይሞሉም። ኮርኔሊየስ ራያን በ1974 ያወጣውን መጽሐፉን በዚህ ስም ጠራው፤ በ1977 ፊልም ሆነ፤ አባባሉንም በየአፉ ያስገቡት እነዚህ ናቸው። አባት ወይም አያት አርንሄም የቀረበት ሰው አጠገብሽ ሊቀመጥ ይችላል፤ አንደበትሽን ያዝ አድርጊ።

5. «የምሸጥልሽ ድልድይ አለኝ» ያለሽ ሰው ዋጋ አይነግርሽም። ይህን ካመንሽ ሞኝ ነሽ ማለቱ ነው። ነገሩ ከኒው ዮርኩ የብሩክሊን ድልድይ ጋር የተያያዘ ነው። ድልድዩ በ1883 ተከፈተ፤ ጆርጅ ፓርከር የሚባል አጭበርባሪ ደጋግሞ ሸጦታል ይባላል፤ በ1928 ዕድሜ ልክ ተፈርዶበት ሲንግ ሲንግ እስር ቤት ገባ። የሚታለሉት ከመርከብ የወረዱ አዲስ ገቦች ነበሩ ይላሉ። ስለዚህ ትናንት ለመጣ አበሻ ይህን ቀልድ አትወርውሪ።

6. ብሪታንያ ከሄድሽ ማለቂያ ለሌለው ሥራ «የፎርዝን ድልድይ መቀባት» ሲሉ ትሰሚያለሽ። ኤድንብራ አጠገብ በ1890 የተከፈተ የባቡር ድልድይ ነው፤ ቀቢዎቹ አንዱ ጫፍ ሲደርሱ ከመጀመሪያው እንደገና ይጀምራሉ ይባል ነበር። በ2011 ግን ከሃያ ዓመት በላይ እንዲቆይ የታሰበ ቀለም ተቀብቶ ሥራው አለቀ። ለስኮትላንድ ሰው ካልሽው ስለ አዲሱ ቀለም ያስረዳሻል፤ አታቋርጪው።