ወይን ጠጅን በምላስ እንጂ በስሙ ስላለመመዘን

ወይን ጠጅ ለመመርመር ሀብታም መሆን አያሻም። አራት አምስት ሆነን ገንዘብ ብናዋጣ፣ አንዱ የአገራችን ሌሎቹ የውጭ አገር የሆኑ ሦስት ርካሽ ጠርሙሶች ለትምህርቱ ይበቁናል። ከሁሉ አስቀድመን ጠርሙሶቹን በጋዜጣ ጠቅልለን ቁጥር እንስጣቸው፤ ዓይን ዋጋውን ካየ ምላስ አብሮ ይዋሻልና። በዚህ ነገር ሊቃውንቱም ተፈትነዋል። በ1976 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ዘጠኝ ፈረንሳውያን ዳኞች ስሙ የተሸፈነ ወይን ቀምሰው፣ በነጩም በቀዩም አንደኛ ያደረጉት የካሊፎርንያውን ሆኖ ተገኘ።

ብርጭቆውን እስከ ሲሶው ቀድተን፣ አዙረን እናሽትተው። ስንጎነጨው ምራቅ የሚያስመጣው ኮምጣጣነቱ ነው፤ እንደ ወፍራም ሻይ ድድን የሚያደርቀው ግን ከፍሬው ልጣጭና ከዘሩ የሚወጣው ታኒን ነው። የአገር ልዩነትም እዚህ ይገለጣል። ፀሐይ የበዛበት ፍሬ ስኳሩ ይበረክታል፤ ስኳሩም ወደ አልኮል ተለውጦ ጉሮሮ ያሞቃል። የብርድ አገሩ ይኮመጥጣል። የእኛው ዝዋይ (ባቱ) ለምድር ወገብ ቢቀርብም፣ ከባሕር ወለል ከ1600 ሜትር በላይ ነውና ሌሊቱ ይቀዘቅዛል።

ጣፋጭነትን ግን ጥራት አናድርገው፤ አክሱሚትን ከደረቅ ወይን ጋር ማወዳደር ጠጅን ከጠላ ጋር እንደ ማወዳደር ነው። ጋዜጣው የሚቀደደው ሁሉም ነጥቡን ዝም ብሎ ከጻፈ በኋላ ነው፤ ቀድሞ የተናገረ የሌላውን ምላስ ይመራልና። የተረፈ ቢኖር (በእኛ ዘንድ እምብዛም አይኖርም!) ከድኖ በሁለት በሦስት ቀን መጨረስ ነው።