ቡችላችን ትል አስታወከች

ጥያቄ፦ ሁለት ወር ገደማ የሆናት ቡችላችን ሆዷ ተነፍቷል፤ ያስቀምጣታል። ትናንት ደግሞ እንደ ስፓጌቲ የረዘመ ነጭ ትል አስታወከች። ጎረቤቶች ኮሶ ስጧት ይሉኛል። ልጆቼ አብረዋት ስለሚጫወቱ ሰግቻለሁ፤ ምን ላድርግ?
የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የገለጹት የውሻ ወስፋትን ይመስላል። የቤትዎ ንጽሕና ጉድለት አይደለም፤ የትሉ እጭ ቡችሎቹ ገና በማህፀን ሳሉ፣ በኋላም በወተት ከእናታቸው ይተላለፋል። ስለዚህ ጤነኛ የሚመስሉትም ቢሆኑ ከ2ኛው ሳምንት ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ እስከ 8ኛው ሳምንት፣ ከዚያም በየወሩ እስከ 6 ወር የትል መድኃኒት ይወስዳሉ።

ኮሶውን እባክዎ ይተዉት። ለሰው የታሰበ መድኃኒት፣ የባህልም ይሁን የፋርማሲ፣ ለትንሽ ሰውነቷ ሊከብዳት ይችላል። ፓይራንቴል ወይም ፌንቤንዳዞል የተባለው የውሻ ትል መድኃኒት የሚሰጠው በክብደቷ ልክ ስለሆነ የእንስሳት ሐኪም ይመዝናት። ትኩስ ሰገራዋንም ለምርመራ ይዘው ይሂዱ። ከመድኃኒቱ በኋላ ብዙ ትል ቢወጣ አይደንግጡ።

ለልጆችዎ መስጋትዎ ተገቢ ነው። የትሉ እንቁላል በአፍ ከገባ ከውስጡ የሚወጣው እጭ ጉበትን፣ አልፎ አልፎም ዓይንን ይጎዳል። ደግነቱ አዲስ የወጣ እንቁላል ወዲያው አይበክልም፤ አፈር ላይ ሳምንታት ይፈልጋል። ሰገራዋን በየቀኑ አንስቶ ሽንት ቤት መጨመርና የልጆቹን እጅ በሳሙና ማስታጠብ አደጋውን በእጅጉ ይቀንሳል።

ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ፣ ተደጋጋሚ ትውከት ወይም መፍዘዝ ካዩ ግን ፓርቮ የተባለው የቫይረስ በሽታ ሊሆን ስለሚችል ነገን ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ያሳክሟት።