በፖከር ለሚተዳደሩ ሰዎች፦ ከጠረጴዛው ውጪ ያለው ሥራ

ክሪስ መኒሜከር የተባለ የሂሳብ ሠራተኛ በ2003 እ.ኤ.አ. በኢንተርኔት ማጣሪያ አልፎ ላስ ቬጋስ ላይ የዓለም ሻምፒዮናውን ሲያሸንፍና 2.5 ሚሊዮን ዶላር ሲወስድ፣ ብዙው ተጫዋች የሚመራው በልምድና በግምት ነበር። በ2017 እ.ኤ.አ. ሊብራተስ የተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም ፒትስበርግ ውስጥ አራት ባለሙያዎችን በ120,000 ዙር ረታ። ዛሬ የተሻለውን አጨዋወት የሚያሰላ ሶፍትዌር፣ ሶልቨር የሚሉት፣ ማንም ገዝቶ ላፕቶፑ ላይ ይጭነዋል። ፊት ለፊትዎ የተቀመጠው ሰው ሲያጠና አድሮ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የጥናት ሰዓትዎን ከሥራ ሰዓትዎ ይቁጠሩት።

1. ውሳኔውን ይመርምሩ፤ ገንዘቡን ይተዉት። ሁለት አስ የያዘ ሰው ሁለት ንጉሥ ከያዘው ጋር ያለውን ሁሉ ቢያስይዝ፣ ከአምስት ጊዜ አንዱን ያህል ይሸነፋል። ተሸነፈ ማለት ተሳሳተ ማለት አይደለም። የባሰው አደጋ ግን በተቃራኒው ያለው ነው፤ በመጥፎ ውሳኔ ያሸነፈ ሰው ጥፋቱን አይመረምርም።

2. የከበዱዎትን ሦስት አራት ዙሮች በዚያው ቀን ይመዝግቡ። መሃል ላይ ስንት ገንዘብ ነበር? ተጋጣሚዎ ምን አደረገ? እርስዎስ ለምን ከፈሉ? ምክንያቱን ካልጻፉ በማግስቱ ለራስዎ የሚመች ምክንያት ይፈጥራሉ።

3. ስሌቱን እስኪለምዱት ይደጋግሙ። መሃል ላይ 100 ዶላር አለ እንበል፤ ተጋጣሚዎ 50 ጨመረ። እርስዎ 50 ሲከፍሉ ጠቅላላው 200 ይሆናል፤ ስለዚህ ኪሳራ እንዳይኖር ቢያንስ ከአራት አንድ ጊዜ ማሸነፍ አለብዎት። አሁን የቀረው አንድ ካርታ ነው፤ እርስዎም ፍላሽ (አምስት ባለ አንድ ምልክት ካርታ) ለመሙላት አንድ ይጎድልዎታል። ካላዩዋቸው 46 ካርታዎች የሚጠቅሙዎት 9 ናቸው፤ 20 በመቶ እንኳ አይሞላም። ካርታው ቢመጣልዎ ተጋጣሚው ተጨማሪ ገንዘብ ይከፍለኛል ብለው ካላመኑ፣ ጥለው ይውጡ።

4. ሶልቨሩን አይሸምድዱ። ፕሮግራሙ ተጋጣሚውም እንደ እሱ አጥርቶ ይጫወታል ብሎ ነው የሚያሰላው። በአነስተኛ ገንዘብ ጠረጴዛ ላይ ግን ባዶ እጁን ከቶ የማያስፈራራ ሰው ሞልቷል። እንዲህ ያለው ሰው ብዙ ሲያስይዝ፣ ሶልቨሩ ክፈል ቢልም ካርታዎን ይጣሉ። «ለምን?» ብሎ መጠየቅ መልሱን ከመያዝ ይበልጣል፤ ለዚህም በርስዎ ደረጃ ካሉ ሁለት ሦስት ሰዎች ጋር ዙሮችን እያነሱ መከራከር ይረዳል።

5. ሰዓትዎን፣ ትርፍና ኪሳራዎን ይመዝግቡ። ቤቱ ከየዙሩ የሚቆርጠውን ድርሻ አይርሱ፤ ከሌላው ተጫዋች በጥቂቱ መሻል ብቻውን ይህን አይሸፍንም። የመጫወቻውን ገንዘብ ከቤት ኪራይና ከልጆች ወጪ ይለዩ። ጥቂት ሳምንታት ምንም አያረጋግጡም፤ ረጅሙ መዝገብ ኪሳራ ካሳየ ግን ወደ አነስተኛው ጠረጴዛ ይውረዱ፤ እዚያም ካልተሳካ ሌላ መተዳደሪያ ይፈልጉ።