«ቁልፍ አልተገኘም»

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ መኪናዬ ሪሞቱ ኪሴ ውስጥ እያለ አልከፈትም ትላለች። ዳሽቦርዱ ላይም «ቁልፍ አልተገኘም» ከሚለው ጋር ሌሎች መብራቶች ይበራሉ። ትልቁ ባትሪ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ትልቁን ለጊዜው ይተዉት። መጀመሪያ የሪሞቱን ባትሪ ይቀይሩ፤ ብዙዎቹ ሲአር 2032 የሚባለውን ባለ 3 ቮልት ክብ ባትሪ ይጠቀማሉ። ከሞባይልዎ ጋርም በአንድ ኪስ አይያዙት፤ ሲግናሉን ሊረብሸው ይችላል።

መብራቶቹ አብረው ከበሩ ግን እኔ የምጠረጥረው ትንሹን ባለ 12 ቮልት ባትሪ ነው። በሩም ኮምፒውተሮቹም የሚሠሩት በእሱ ነው፤ ሲደክም መኪናዋ ስለ ፍሬኑም ስለ መሪውም ያልሆነ ክስ ትደረድራለች። ቆማ ካደረች በኋላ በመልቲሜትር ያስለኩት። የአሲድ ባትሪ ከሆነ 12.6 አካባቢ ጤነኛ ነው፤ ከ12 በታች ከወረደ ደክሟል። ብርቱካናማዎቹን ገመዶች ግን እንዳይነኩ፣ ከፍተኛ ቮልቴጅ ናቸው። እስከዚያው በሩ እምቢ ካለ፣ አብዛኞቹ ሪሞቶች ውስጥ የብረት ቁልፍ ተሸጉጧል።